የእትዬ ካርቶን ጠረጴዛ

ቦቴው ለሦስተኛ ጊዜ ዘይቱን እያንጠባጠበ ወደ ጋራዡ ግቢ ሲገባ፣ እትዬ ካርቶን መዶሻዋን አንስታ ነበር፤ ሳታሳርፈው በዚያው ቀረች። ከበሩ ጀምሮ እስከ ግቢው መሃል የተዘረጋውን ጥቁር ነጠብጣብ በዓይኗ ተከተለችው። ቦቴው ከጎሚስታው ደጃፍ ሲደርስ ቆመ፤ ሾፌሩ ግን ሞተሩን አጥፍቶ ወዲያው አልወረደም፤ ግንባሩን መሪው ላይ ደፍቶ ትንሽ ቆየ።

ዶክተሩ ቀድሞ ደረሰ። ዶክተሩ የግቢው ዋና መካኒክ ነው፤ ይህን ስም ያወጡለት የካቻቢቴውን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አድርጎ በሽታ ስለሚያዳምጥ ነው። በርከክ ብሎ ከሞተሩ ሥር አየና ተነሣ። እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ ብየዳ ቤት ያሉትም ቢሮ ያሉትም እንዲሰሙት ድምፁን ከፍ አደረገ።

“ሞተሩ ምንም የለበትም። ሁለቴ የዘጋሁት እኔ ነኝ፤ እጄም ምንም የለበትም። ችግሩ ካርቶኑ ነው። የሚያፈሰው የእሷ ካርቶን ነው።”

የግቢው ሰው ሁሉ ወደ እሷ ዞረ።

ጋስኬት ማለት ሁለት ብረት ሲገጣጠም መሃላቸው ገብቶ ዘይቱን እንዳይወጣ የሚይዝ ስስ ነገር ነው። ያ ሁሉ ብረት ተማምኖ የሚሠራው በእሱ ነው። ተዘጋጅቶ በሱቅ የሚሸጥ አለ፤ ለአሮጌ መኪና ግን አይገኝም፣ ቢገኝም ልኩ አይመጣም፤ ያኔ ሰው ወደ እሷ ይመጣል። እሷ ደግሞ መቀስ አታነሣም፣ እርሳስ አትይዝም። ጠንካራውን ወረቀት ራሱ ብረቱ ላይ ታነጥፍና ዳር ዳሩን በትንሽ መዶሻ ጠቅ ጠቅ ታደርገዋለች፤ ወረቀቱን የሚቆርጠው የብረቱ ጠርዝ ነው። የብሎን ቀዳዳዎቹንም በመዶሻው ክብ አናት አንድ አንድ ጊዜ መታ ስታደርጋቸው ክብ ክብ ቁራጮች ይረግፋሉ። ጋራዥ ውስጥ ያን ወረቀት ካርቶን ይሉታል፤ እሷንም በእሱ ጠሯት። መጀመሪያ ሰሞን ከፍቷት ነበር። አሁን ግን በስሟ የሚጠራት ሰው ሲመጣ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት የተላከ ይመስላታል።

ጠረጴዛውም ሙያውም የባሏ ነበር። የዛሬ ስምንት ዓመት ባሏ መኪና ከሥር በሚታይበት ጉድጓድ ውስጥ ወድቆ ወገቡ ሲጎዳ፣ አልጋ ላይ ሆኖ እሷን አስተማራት፤ ስታበላሽ እየተቆጣ፣ ስታስተካክል ዝም እያለ። ከዚያ ወዲህ የሦስት ልጆች ትምህርትም የባሏ መድኃኒትም የሚወጣው ከዚያች ሁለት ክንድ ከማትሞላ ጠረጴዛ ነው። ዶክተሩም ባዳ አይደለም፤ የባሏ ታናሽ ወንድም፣ ዋርሳዋ ነው። ሙያውን የተማረው ከወንድሙ ነው። ባለፈው ወር ግን አንድ የተዘጋጀ ጋስኬት የሚሸጥ ነጋዴ ይዞ ወደ ግቢው ባለቤት ቢሮ ሲገባ አይታዋለች። ነጋዴው ሲወጣ የእሷን ቦታ በእርምጃው ለክቶ ነው የሄደው።

ባለቦቴው ወረደ። ግዙፍ ሰው ነው፤ ድምፁ ግን ከአካሉ ጋር የተጣላ ይመስል ዝግ ያለ ነው። የሞተሩ የዘይት ቋት ሁለት ጊዜ ተከፍቶ ሁለት ጊዜ መዘጋቱን፣ ዳገቱ ላይ ያለው ክሊኒክ ከትናንት ጀምሮ ውሃ እንደሌለው፣ ዛሬ ካላደረሰ ሥራውን ለሌላ ቦቴ እንደሚሰጡበት ተናገረ። ዶክተሩ ዘይት የሚያፈስ መኪና ምን አደጋ እንዳለው ያስረዳው ጀመር። ለቀባሪው አረዱት ማለት ይኸ ነው።

የግቢው ባለቤት፣ ሁሉም ጋሼ የሚሏቸው ሽማግሌ፣ ከዘራቸውን ይዘው ከቢሮ ወጡ። የሁሉንም ሰሙ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ጠብ ግን አይወዱም፤ ጠብ የማይወድ ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚፈርደው ድምፁ ከፍ ላለው ነው።

“ልጄ፣ ነገሩን ሰምተሻል” አሏት። “አንዴ ቢሆን ዝም እል ነበር። ሦስት ጊዜ ሲሆን የግቢው ስም ይጠፋል። ያ ነጋዴም ቦታውን ስጡኝ እያለ ነው። እስከ ማታ ጠረጴዛሽን ብታነሺ ይሻላል።”

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ተረቱን ያወጣው ሰው ግን ማደሪያ የነበረው ነው። እሷ ያላት እስከ ማታ ነው። መዶሻዋን አስቀምጣ፣ እጇን በቱታዋ ጠርጋ ወደ ግቢው መሃል መጣች።

“አነሣለሁ፣ ጋሼ። ግን መጀመሪያ ይከፈት። እዚሁ፣ ሁሉም እያየ። ጥፋቱ የካርቶኔ ከሆነ ጠረጴዛውን በጭንቅላቴ ተሸክሜ እወጣለሁ፤ ማንም እንዳያግዘኝ። ካልሆነ ደግሞ ያጠፋው ሰው አሁን በተናገረበት ድምፅ ይናገር።”

“ደግሞ ልትከራከሪ ነው? ዓይንሽን በጨው አጥበሽ?” አለ ዶክተሩ።

“እስቲ ክፈተው። ማን በጨው እንዳጠበ ያኔ እናያለን።”

ባለቦቴው ሁለቱንም አየና “ይከፈት” አለ።

ዶክተሩ ከቋቱ ሥር ባልዲ አስቀምጦ የማስወጫውን ብሎን ፈታ። ዘይቱ ትኩስ ነበርና ቀስ ብሎ እስኪወርድ ሰዉ ወደየሥራው ተመለሰ፤ ባለቦቴው ወደ ክሊኒኩ ሊደውል ወጣ። እትዬ ካርቶን ጠረጴዛዋ ጋ ቆማ የትናንቱን ራት አሰበች። ወንድምህ ነገር እየጎነጎነብኝ ነው ብላ ለባሏ ነግራው ነበር። ዝም አይነቅዝም አላት፤ ለአንድ ቁራጭ ካርቶን ብለሽ ከወንድሜ ጋር አታጣዪኝ አላት። እሷም አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችው፤ ስታስተምረው ብሎን ሲያጠብቅ እጁ እንዴት ነበር? ባሏ ማንኪያውን ወደ ሾርባው መልሶ ዝም አለ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት አብራው ኖራለች፤ ዝም ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ ታውቃለች።

ዶክተሩ መጣና ከጠረጴዛዋ ማዶ ቆመ። አሁን ድምፁ ሌላ ነው፤ የቤተሰብ ድምፅ ነው።

“እትዬ፣ ነገር አናብዛ። የካርቶንሽ ጥቅል እርጥበት ነክቶት ነበር በይ፤ አንድ ጊዜ ያጋጥማል በይ። ጋሼን እኔ አናግራቸዋለሁ። ቦታሽ አይነካም፣ ነጋዴውንም እመልሰዋለሁ። ነገም ከነገ ወዲያም እዚሁ ትቆርጫለሽ።”

አልተፈተነችም ማለት ውሸት ነው። ተፈተነች። አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው የጠየቃት፤ እርጥበት ነክቶት ነበር፣ አለቀ። ትልቋ ልጅ በዚህ ዓመት የመጨረሻ ፈተና ተፈታኝ ናት። ባሏም ደስ ይለዋል። አንዷን ቃል ብትውጣት ሁሉም እንደነበረ ይሆናል። ከዚያ ግን፣ በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ መኪና ሲያፈስ ምን ይባላል ብላ አሰበች።

“ከዛሬ በኋላ በዚህ ግቢ የሚፈስ ሁሉ የእኔ ሊሆን ነው?” አለችው።

“ቤተሰብ ነን እኮ።”

“ቤተሰብ ከሆንን ስታዋርደኝ አደባባይ ላይ፣ ስታባብለኝ ጓዳ ውስጥ ምን ያደርግሃል? ሂድ። ዘይቱ ወርዶ አልቋል።”

ሰዉ ተመልሶ ተሰበሰበ። ዶክተሩ ቁልፉን ይዞ ወደ ቦቴው ሥር ሊገባ ሲል እሷ ቀደመችው። የዘጋው ሰው ራሱ አይፈታም አለች። ከዚህ በፊት ማንም እሷን ከመኪና ሥር አይቷት አያውቅም። ጎሚስታው፣ ሳይስቅ የማይውል ሰው፣ እትዬ ካርቶን ዛሬ ብረት ሆነች ብሎ ሰዉን አሳቀ። እሷ ከሳቁ ጋር ጉዳይ አልነበራትም፤ የወረቀት ጥቅሏን አንጥፋ በጀርባዋ ተንሸራታ ገባች።

የመጀመሪያው ብሎን አልዞረም። ክብደቷን ሁሉ ጣለችበት፤ አልዞረም። ወጣችና ጎሚስታውን ጠራችው። “ክንድህን አውሰኝ” አለችው። እሱም እየሳቀ ገባ፤ ቀኑን ሙሉ የጭነት መኪና ጎማ የሚነቅል ሰው ነው፤ ሲያቃስት ግን ሁሉም ሰማው። ብሎኑ ጩኸት የሚመስል ድምፅ አውጥቶ ለቀቀ። ጎሚስታው ጭንቅላቱን ከሥር አወጣ፤ አሁን አይስቅም።

“ይኼን ያጠበቀው ሰው ከማን ጋር ተጣልቶ ነው?” አለ።

ሰዉ ሳቀ፤ ዶክተሩ አልሳቀም። የቀሩትን ሃያ ምናምን ብሎኖች ሁለቱ ተጋግዘው ፈቱ። ቋቱ ሲወርድ ካርቶኑ አብሮ ወረደ። ግራጫ ሲሊኮን፣ ክፍተት የሚደፈንበት ማጣበቂያ፣ በላዩም በሥሩም ተለቅልቆበታል፤ ከቦታው ተንሸራትቶ ወደ ውስጥ ገብቷል፤ በብሎኖቹ ቀዳዳ ዙሪያ ተቀዷል።

“ይኸው!” አለ ዶክተሩ ካርቶኑን ከፍ አድርጎ። “ተቀዷል። እዩት፣ ተቀዷል።”

“ተቀዷል” አለች እሷ። “ማን ቀደደው የሚለው ነው የቀረን።”

ቋቱን ወሰደችና በናፍታ አጠበችው። የተጣበቀውን ሲሊኮን በትንሽ መፋቂያ አንድ በአንድ አነሣች፤ የቆሙት ሰዎች ቸኮልን ብለው ሲያጉረመርሙ እንኳ እጇን አላፈጠነችም። ከዚያ ጋሼን የቢሮ ጠረጴዛቸውን መስታወት እንዲያውሷት ጠየቀች። የልጅ ልጆቻቸው ፎቶ ከሥሩ የተደረደረበት ወፍራም መስታወት ነው፤ ጋሼ ቅር እያላቸው አስመጡላት። እሷም መሬት ላይ አስተካክላ አኖረችው፤ የቋቱን ከንፈር፣ ካርቶኑ የሚያርፍበትን ዳር፣ በመስታወቱ ላይ ደፋችው።

“ጋሼ፣ ከኪስዎ አንድ ወረቀት ያውጡ። የብሎኖቹ ቀዳዳ ጋ ከመስታወቱና ከብረቱ መሃል ያስገቡት።”

ሽማግሌው በከዘራቸው ተደግፈው ጎንበስ አሉ። ወረቀቱ አልገባም። አሁን ደግሞ በሁለቱ ቀዳዳ መሃል ይሞክሩት አለቻቸው። ወረቀቱ ያለ ምንም ግፊት ሙሉ በሙሉ ገባ። ሌላም ቦታ ሞከሩ፤ ገባ። በመጨረሻ ወረቀቱን ሁለት ላይ አጥፈው ሞከሩ፤ አሁንም ገባ። ቀና ሲሉ ፊታቸው ተለውጧል።

“የቋቱ ከንፈር ስስ ቆርቆሮ ነው” አለች፤ ንግግሯን ለጋሼ ጀምራ ወደ ዶክተሩ ዞረች። “ከልክ በላይ ሲጠብቅ ብሎኑ ያለበት ይሰረጎዳል፣ መሃሉ ይነሣል። ዘይቱ የሚወጣው በተነሣው በኩል ነው። ሲወጣ ደግሞ አጥብቀኸዋል። ሲጠብቅ ይብስ ተነሥቷል። ካርቶን የሚቀደደው እንዲህ ሲፈጭ ነው። ሲሊኮን ስትቀባው ደግሞ እንደ ሳሙና ይንሸራተታል። እኔ ደረቅ ሰጥቼህ ነበር፣ ደረቅ ግጠመው ብዬህ ነበር።”

“ሁሉም ጋራዥ እንዲህ ነው የሚዘጋው” አለ ዶክተሩ። “ደንበኛ ቆሞ ማን ነው ቆርቆሮ በመስታወት የሚለካው? ጊዜ የለም።”

“ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።”

ይህን ሲባባሉ ባለቦቴው የስልኩን መብራት አብርቶ በራሱ ከሞተሩ ሥር ገባ፤ ግዙፍ ነውና ግማሽ አካሉ ውጭ ቀረ። ቋቱ የወረደበት የሞተሩ ሆድ ክፍት ነው። ከዚያ ሆኖ፣ ይኼ ነገር ምንድነው ብሎ ጠየቀ። እሷ በጎኑ ተንሸራታ ገባችና ጣቱ የሚያመለክተውን አየች። ዘይት ወደ ሞተሩ የሚሳብበት ወንፊት ነው፤ ከግማሽ በላዩ በሲሊኮን ቁርጥራጭ ተደፍኗል። ካርቶኑ ሲጨፈለቅ ወደ ውስጥ የወጣው ትርፍ ሲሊኮን ነው፤ ደርቆ፣ ተቆርጦ፣ በዘይቱ ተንሳፍፎ እዚያ ሄዶ ተለጥፏል።

“ሞተሩ ዘይት የሚጠጣው በዚህ ነው” አለችው።

ባለቦቴው ከሥር ወጥቶ ተነሣ። ልብሱን አላራገፈም። ወደ ዶክተሩ ሄዶ ፊት ለፊቱ ቆመ፤ ድምፁ ያው ዝግ ያለው ድምፅ ነበር።

“የዘይቱ መብራት ሦስት ቀን ሙሉ ሲበራ ሲጠፋ ነበር። ስጠይቅህ ሽቦው ነው አልከኝ። ዛሬ ያንን ዳገት ልወጣ ነበር፣ አሥር ሺህ ሊትር ውሃ ከኋላዬ አድርጌ።”

ዶክተሩ የቆመበት ቦታ የጠበበው ይመስል አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። ሞተሩ ዘይት አጥቶ ዳገት ላይ ነክሶ ቢቆም ምን እንደሚሆን ከእሱ የበለጠ የሚያውቅ በግቢው የለም። እትዬ ካርቶን ደስ ይለኛል ብላ ጠብቃ ነበር፤ የተሰማት ግን ፍርሃት ነው። ጠዋት ላይ እርጥበት ነክቶት ነበር ብትል ኖሮ፣ ይኼ ሰው ያን ወንፊት ሳያይ አዲስ ካርቶን ተደርጎለት ይወጣ ነበር። ጎንበስ ብላ መፋቂያዋን ማጠብ ጀመረች።

ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሰው ይሳሳታል፣ ዋናው መኪናው ዛሬ መውጣቱ ነው፣ ዶክተሩ አሁን ተጠንቅቆ ይዝጋው የሚል ነገር ተናገሩ። ባለቦቴው ራሱን ነቀነቀ።

“በእሱ እጅ አይዘጋም” አለ። “ሌላ መካኒክ አላችሁ?”

“እኔ እዘጋዋለሁ” አለች እትዬ ካርቶን።

ዶክተሩ በዚህ ጊዜ ድምፁን አገኘ። “ካርቶን መቁረጥና ሞተር መዝጋት አንድ መሰለሽ? አንድ ቀን እንኳ ሞተር ስትዘጊ ታይተሽ አታውቂም።”

“አንተ ዘግተህ አፈሰስክ። እኔም ዘግቼ ካፈሰስኩ እኩል ነን፤ ከዚያ በታች አልወርድም።”

ጎሚስታው ይህን ሲሰማ ከት ብሎ ሳቀ፤ ባለቦቴውም ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ። በዚያው ተወሰነ።

የሠራችው ሥራ ለማየት የሚያጓጓ አልነበረም፤ ብዙዎቹም ተሰላችተው ሄዱ። የቋቱን ከንፈር ጠንካራ ግንድ ላይ አሳርፋ፣ የተሰረጎደውን በየቀዳዳው ዙሪያ በመዶሻው ክብ አናት ቀስ እያለች መለሰችው። ጥቂት ትመታለች፣ መስታወቱ ላይ ትደፋለች፣ ወረቀት ታስገባለች፣ እንደገና ትመታለች። ወረቀቱ በየትም በኩል አልገባ ሲላት ብቻ አዲስ ካርቶን ዘርግታ ቆረጠች። ወንፊቱን ፈትታ ሲሊኮኑን በመርፌ ለቀመች። የሞተሩን ፊት ከሥር ሆና ስትፋቅ አሮጌው ዘይት በእጅጌዋ ገብቶ እስከ ብብቷ ወረደ፤ ተሳደበች፣ ግን በሹክሹክታ ነው። ካርቶኑን ደረቅ አድርጋ ገጠመች። ብሎኖቹን መጀመሪያ በጣቷ ብቻ አስገባች፣ ከዚያ አጭሯን ቁልፍ ከአንገቷ ይዛ በሁለት ጣት አጠበቀች፤ ከመሃል ጀምራ፣ አንዴ ግራ አንዴ ቀኝ፣ ወደ ዳር። ስትጨርስ ደገመችው። እጇ አንድ ዙር ጨምሪ ጨምሪ ይላት ነበር፤ ሰው ሲፈራ እጁ የሚከብደው ለካ እንዲህ ነው ብላ ዋርሳዋን ለአፍታ አሰበችው። አልጨመረችም።

አዲስ ዘይት ተሞላ። ከጥቅሏ ንጹሕ ወረቀት ቀድዳ ከሞተሩ ሥር አነጠፈች። ባለቦቴው ሞተሩን አስነሣ። የዘይቱ መብራት በርቶ ወዲያው ጠፋ፤ ጠፍቶም ቀረ። ጋሼ ሰዓታቸውን አይተው ግማሽ ሰዓት እንጠብቅ አሉ።

ግማሽ ሰዓት ቆሞ ለሚጠብቅ ሰው ረጅም ነው። ሰዉ ተመልሶ ተሰበሰበ። ዶክተሩ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጦ መሬት መሬቱን ያያል። አሥር ደቂቃ አለፈ፤ ወረቀቱ ንጹሕ ነው። ሃያ ደቂቃ አለፈ። ሃያ አምስተኛው ደቂቃ ላይ አንዲት ጠብታ ወረቀቱ ላይ ወድቃ ተንሰራፋች።

ዶክተሩ ከጎማው ላይ ተነሣ። እትዬ ካርቶን ተንበረከከች። ጣቷን ወረቀቱ ላይ አሳርፋ አሸት አሸት አደረገችው፤ አሸተተችው። ከዚያ እጇን አንሥታ ለባለቦቴው ዘረጋችለት።

“ውሃ ነው” አለች። “ሸክምህ ነው የሚንጠባጠበው። የቦቴህ ቧንቧ ላላ ብሎ ውሃው በብረቱ ላይ ወደዚህ ወርዷል፤ እሱን ለሌላ ቀን።”

ባለቦቴው ጣቷን አየ፣ ወረቀቱን አየ። ከዚያ የተናገረው ነገር ቢኖር፣ ከእንግዲህ ለእኔ መኪና የምትዘጋው እሷ ናት የሚል ብቻ ነው። በሩን ዘግቶ ወጣ። ከግቢው ሲወጣ ሁሉም መሬቱን አየ፤ ከኋላው የቀረ ጥቁር ነጠብጣብ አልነበረም። ጋሼ መስታወታቸውን አሸክመው ወደ ቢሮ ሲሄዱ ጠረጴዛዋ ጋ ቆም ብለው፣ አይነካም ልጄ፣ ለነጋዴውም እነግረዋለሁ አሏት። እንግዲህ እናንተም ታረቁ አሉ። ስለ ጠዋቱ ምንም አላሉም። ድምፁን ከፍ አድርጎ የከሰሳት ዶክተሩም በዚያው ድምፅ ቃሉን አልመለሰም። ይህ ገባት፤ አበሳጫትም፤ ግን ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

አሥር ሰዓት ገደማ ዶክተሩ የውሃ ፓምፕ ክዳን ይዞ መጣ። ማንንም አልላከም፣ ራሱ ነው የመጣው። ክዳኑን ጠረጴዛዋ ላይ አኖረና፣ ምንም እንዳልተፈጠረ፣ ለዚች አንድ ቁረጪልኝ፣ ባለመኪናው ቆሞ ነው አላት። ደክሞት ነበር፤ ዓይኑም አያርፍም። አሳዘናት። ሲያገባ ሽሮ ቀለም ሸሚዝ የመረጠችለት እሷ ናት፤ ልጆቿን በትከሻው ተሸክሞ ያሳደገ ነው። ክዳኑን አንሥታ ገለበጠችው፣ አውራ ጣቷን በፊቱ ላይ አዞረች። አሮጌው ካርቶን በሁለት ቦታ እንደ ቅርፊት ተጣብቆ ቀርቷል፤ በሌላው በኩል በማሽን ተፍቆ ተቦርቡሯል።

ክዳኑን መልሳ ፊት ለፊቱ አስቀመጠችው።

“ይኼ ገና ፊቱ አልጸዳም። ከዛሬ ጀምሮ ብረቱን ሳላይ ካርቶን አልሰጥም፤ ለአንተም ለማንም።”

“እትዬ፣ እኔ ነኝ ዋናው መካኒክ። አንቺ ልትፈትሺኝ ነው?”

“ሲያፈስ የሚጠራው የእኔ ስም ነው። ስለዚህ አዎ።”

“ለወንድሜ እደውላለሁ” አለ፤ ድምፁ ግን የልጅ ድምፅ ነበር።

እሷ ስልኳን ከኪሷ አውጥታ፣ የባሏን ቁጥር ከፍታ፣ ጠረጴዛው ላይ ወደ እሱ ገፋ አደረገችለት። “ያንተ ካርድ አይቃጠል፤ በእኔ ደውል። እጅህ እንዴት እንደነበረም ጠይቀው፤ እኔ ስጠይቀው ዝም ብሎኛል።”

ዶክተሩ ስልኩን አየው፤ አልነካውም። በወር ከምትቆርጠው ውስጥ ግማሹን የሚያዛት እሱ ነው። የተዘጋጀ ጋስኬት የሚሸጠው ነጋዴም ሁለት መንገድ አሻግሮ ነው ያለው፤ ክዳኑን አንሥቶ መሄድ ይችላል፤ ከዚያም ተመልሶ አይመጣም ይሆናል። እሷም ይህን ሁሉ ታውቃለች። ስልኳን ወደ ኪሷ መለሰች። መፋቂያውን ክዳኑ ላይ አኖረች፣ ለራሷ የነበረችውን በርጩማ በእግሯ ወደ እሱ አስጠጋች፤ መዶሻዋን መሳቢያው ውስጥ ከታ ቆለፈችበት።

“ስትጨርስ አሳየኝ” አለችውና በዘይት የራሰ እጅጌዋን ልትታጠብ ወደ ቧንቧው ሄደች።